ሰዓቱ ያላየው አቋራጭ

እሑድ ጧት ገና ጎሕ ሲቀድ በመስቀል ዐደባባይ ያለፈ ሰው፣ ደረጃውን ከዳር እስከ ዳር እየተመላለሱ የሚሮጡትን ወጣቶች ሳያይ አይቀርም። ከእነዚህ መካከል ጥቂቶቹ ወደ ፊት በዓለም መድረክ ሰንደቅ ዓላማችንን የሚያስከብሩ ይሆኑ ይሆናል። የሚበዙት ግን በማግስቱ ሰኞ ከጠረጴዛቸው ፊት የሚቀመጡ የመሥሪያ ቤት ሠራተኞችና ፈተና የደረሰባቸው ተማሪዎች ናቸው። ዛሬ የምናወራው ስለነዚህኞቹ ነው፤ እኛም ከነርሱ ወገን ነንና።

ለመሆኑ ዋንጫም ሆነ ገንዘብ የማይጠብቅ ሰው ስለምን ይሮጣል? ከማን ጋር ይሽቀዳደማል? መልሱ አጭር ነው፤ ከዐምናው ራሱ ጋር ነው። እንዲህ ያለው ሯጭ የሚመኘው የግሉን ምርጥ ሰዓት ማሻሻል ብቻ ነው።

ይህ ምኞት ለተራውም ለታላቁም ሯጭ አንድ ነው። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በመስከረም 2000 ዓ.ም. በበርሊን ከተማ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ26 ሴኮንድ ሮጦ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረ። በዓመቱ በመስከረም 2001 ዓ.ም. ወደዚያው ከተማ ተመልሶ በ2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሴኮንድ ጨረሰ። የሁለቱ ልዩነት 27 ሴኮንድ ነው። አንድ ዓመት ሙሉ የተደከመው ለነዚያ 27 ሴኮንዶች ነበር ማለት ነው። በኅዳር 1994 ዓ.ም. ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ በአዲስ አበባ ለመጀመሪያ ጊዜ ከተካሄደ ወዲህ፣ ሴኮንድ የመቁጠሩ ነገር ከአትሌቶች ሰፈር ወጥቶ ወደ መሥሪያ ቤቱና ወደ ተማሪ ቤቱ ገብቷል።

እኛም በዚህ ነገር ተያዝን። በየዓመቱ በምንካፈልበት አንድ የጎዳና ሩጫ 10 ኪሎ ሜትሩን በ52 ደቂቃ ከ20 ሴኮንድ ጨርሰን ነበርና፣ በሚቀጥለው ዓመት ከ50 ደቂቃ በታች ለመግባት ቈረጥን። ሒሳቡ በወረቀት ላይ ቀላል ነው፤ እያንዳንዱን ኪሎ ሜትር በ5 ደቂቃ መሮጥ ነው። በእግር ሲሆን ግን ሌላ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ስለ ሆነች፣ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል፤ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው ኦክሲጅንም በዚያው መጠን ይቀንሳል። ስለዚህ በመጀመሪያው ኪሎ ሜትር ሞቅ ብሎት የፈረጠጠ ሰው፣ የተበደረውን በመጨረሻዎቹ ኪሎ ሜትሮች ከነወለዱ ይከፍላል።

ይህን አውቀን በሳምንት አራት ቀን፣ ከሥራ ሰዓት በፊት ተለማመድን። ሰኞና ረቡዕ ቀስ ብለን፣ ዐርብ ፈጠን እያልን፣ እሑድ ረዘም አድርገን ሮጥን። ውጤቱንም በአንዲት ትንሽ ደብተር እየመዘገብን ያዝን። ቀስ በቀስ ዕንቍላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፣ ሰዓታችን በየወሩ ይሻሻል ጀመር። የመሥሪያ ቤታችን የመዝገብ ቤት ሹም፣ ጡረታቸው የተቃረበ አዛውንት፣ ጧት ጧት ሲያገኙን «ልጄ፣ ስንት ደረሰ?» ይሉን ነበር።

የሩጫው ቀን ደረሰ። አምስተኛውን ኪሎ ሜትር በ24 ደቂቃ ከ50 ሴኮንድ አለፍን። ከዚያ በኋላ ዳገቱ መጣ፤ እግራችን ከበደ። ስምንተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ሰዓታችንን ብናይ 40 ደቂቃ ከ12 ሴኮንድ ይላል። 12 ሴኮንድ ወደ ኋላ ቀርተናል።

ጥቂት እንደ ሄድን መንገዱ ሽቅብ ወጥቶ፣ ከመዞሪያው ዞሮ፣ በማዶው በኩል የሚመለስበት ስፍራ ደረስን። ከመዞሪያው 30 ሜትር ያህል ሲቀረን፣ ከፊታችን ሁለት ሰዎች የመንገዱን አካፋይ ተራምደው ወደ ማዶ ተሻገሩ። ማንም ምንም አላላቸውም። እኛም ተሻገርን። አንድ እርምጃ ብቻ ነበረች።

መጨረሻው ላይ ሰዓታችንን ስናቆም 49 ደቂቃ ከ51 ሴኮንድ አነበብን።

ሰኞ በቢሮ የነበረው ደስታ አይነገርም። ጓደኞቻችን ሻይ ጋበዙን፤ ሹሙም ከመቀመጫቸው ተነሥተው ጨበጡን። ሻዩ ግን አልጣመንም። ማታ ደብተራችንን ከፍተን ቍጥሩን ስንጽፍ እጃችን ከበደ።

በዚያው ሳምንት የጎዳና ሩጫ ርቀት እንዴት እንደሚለካ አነበብን። ለካዮቹ የመንኰራኵሩን ዙር የሚቈጥር መሣሪያ በብስክሌት ላይ አስረው፣ አስቀድመው ርቀቱ በውል በታወቀ መንገድ ላይ ያስተካክሉታል። ከዚያም ሯጭ ሊሄድበት የሚችለውን አጭሩን መሥመር እየተከተሉ፣ በየመታጠፊያው ከጠርዙ 30 ሳንቲ ሜትር ብቻ ርቀው ይለካሉ። ይህም አልበቃ ብሎ፣ መንገዱ በስሕተት እንዳያጥር በእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር 1 ሜትር ይጨምሩበታል። ለ10 ኪሎ ሜትር 10 ሜትር መሆኑ ነው። ሌላ ሰው ስለ 10 ሜትር ይህን ያህል ሲጠነቀቅ፣ እኛ ወደ መዞሪያው 30፣ ከመዞሪያው 30፣ በድምሩ 60 ሜትር ሰርቀናል። በእኛ አካሄድ 60 ሜትር 18 ሴኮንድ ነው። 18 ሴኮንድ በ49 ደቂቃ ከ51 ላይ ሲደመር 50 ደቂቃ ከ9 ሴኮንድ ይሆናል።

ነገሩን ለሹሙ ነገርናቸው። ይቈጡናል ብለን ነበር፤ አልተቈጡም። መነጽራቸውን አውልቀው፣ «ታዲያ መዝገቡን አስተካክለው እንጂ» አሉን። ቀጥለውም፣ «የተሳሳተ ቍጥር አይፋቅም ልጄ፤ አንድ መሥመር ይሰመርበትና ትክክለኛው ከበላዩ ይጻፋል፤ ከጐኑም ይፈረማል። ፍቆ የጻፈ ሰው ስሕተቱን ሁለት አደረገው ማለት ነው» አሉን።

እንዳሉት አደረግን። ለጓደኞቻችንም ተናገርን። አንዳንዶቹ ሳቁ፤ «ማን አይቷችሁ ነው?» ያሉንም አሉ። ጥያቄው ግን መልሱን ይዞ የመጣ ነው። በዳኛ ፊት የሚሮጠውን ዳኛው አይቶታል፤ ከራሱ ጋር የሚሽቀዳደም ሰው ግን ሯጩም፣ ዳኛውም፣ መዝጋቢውም እርሱው ነው። ዳኛው ከተደለለ ውድድሩ የለም ማለት ነው። አለቃ በማያይበት ክፍል ውስጥ ብዕር የሚይዝ ወጣት ሠራተኛና ፈታኙ ፊቱን ያዞረበት ተማሪ ይህን ከእኛ አብልጠው ያውቁታል።

በሚቀጥለው ዓመት በዚያው ሩጫ እንደ ገና ተሰለፍን። ከዚያ መዞሪያ ስንደርስ አሁንም የሚሻገሩ ነበሩ። እኛ ጠርዙን ይዘን እስከ ጫፉ ሄደን ዞርን። ያለን ኀይል ሁሉ እስኪያልቅ ሮጠን ሰዓታችንን ብናቆም 50 ደቂቃ ከ4 ሴኮንድ ሆነ። ለ5 ሴኮንድ ያህል ምኞታችን አመለጠን።

ደብተሩ ዛሬም ከጠረጴዛችን መሳቢያ ውስጥ አለ። 49 ከ51 የሚለው ቍጥር ተሰርዞ፣ ከበላዩ 50 ከ9 ተጽፎ ተፈርሞበታል። ከሥሩ ያለው 50 ከ4 ግን ስርዝ ድልዝ የለበትም። ነገ ጧት ከሥራ በፊት ልምምዳችንን እንቀጥላለን፤ የቀሩን 5 ሴኮንዶች ናቸው።