ጆሮም ይመሰክራል

ሰሞኑን አንድ ወዳጄ ጋብዞኝ የአማርኛ ፊልም አየሁ። ተዋንያኑ ጎበዞች ናቸው፤ ምስሉም ጥርት ያለ ነው። ዳሩ ግን ባልና ሚስቱ የመለያየታቸውን ቁርጥ ሲነጋገሩ ሙዚቃው ተጫናቸውና ምን እንደተባባሉ ሳንሰማ ቀረን። ስንወጣ ወዳጄ “ዋናው ምስሉ ነው” አለኝ። አልተስማማሁም።

የተማርኩት ሕግ እንጂ ፊልም አይደለም። ነገር ግን “እገድልሃለሁ” የሚለው ቃል በጓደኛሞች መካከል ቀልድ፣ በባላንጣዎች መካከል ዛቻ እንደሚሆን አውቃለሁ። በመዝገብ ሲሰፍር ሁለቱም አንድ ናቸው። የሚለያቸው ድምፁ ነው።

ይህንን አሳምሮ የሚያሳየው እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣው የፍራንሲስ ፎርድ ኮፖላ “ዘ ኮንቨርሴሽን” ነው። ጂን ሃክማን የሚጫወተው ሃሪ ኮል የሰዎችን ንግግር በድብቅ የሚቀዳ ባለሙያ ነው። በሳን ፍራንሲስኮ ዩኒየን አደባባይ በሕዝብ መሀል የሚንሸራሸሩ ወንድና ሴት ሲያወሩ ይቀዳል። ጫጫታውን እያጠራ ሲያዳምጥ ወንዱ “ዕድሉን ቢያገኝ ይገድለናል” ሲል ይሰማል። ጥንዶቹ ሊገደሉ ነው ብሎም ይጨነቃል። በመጨረሻ ግን የተገደለው ሌላ ሰው፣ ገዳዮቹም ራሳቸው ጥንዶቹ ሆነው ይገኛሉ። ያንኑ ዓረፍተ ነገር እንደገና ስንሰማው “እኛን” በሚለው ላይ ጠበቅ ብሏል፦ እኛን ከሚገድለን እንቅደመው እንደማለት ነው።

የፊልሙን ድምፅ ያቀናበረው ዋልተር መርች፣ ተዋናዩ ንግግሩን ደጋግሞ ሲቀዳ ከወጡት ቅጂዎች በአንደኛው ውስጥ ይህንን የአነጋገር ልዩነት አገኘ። ለመጨረሻውም ተጠቀመበት። ምንም አዲስ ቃል ሳይጨመር ተጎጂ የመሰሉን ወንጀለኛ ሆኑ።

የድምፅ ቅንብር ማለት እንግዲህ ሙዚቃ መጨመር ብቻ አይደለም። ተመልካቹ የቱን ድምፅ ይስማ፣ የቱ ዝም ይበል፣ የቱስ መቼ ይምጣ ብሎ መወሰን ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 በወጣው “ጎድፋዘር” ውስጥ ማይክል በምግብ ቤቱ ሁለቱን ሰዎች ከመግደሉ በፊት የባቡር ሲጥታ ይሰማል። ባቡሩ አይታይም፤ የምንሰማው የማይክልን ጭንቀት ነው። ሙዚቃው የሚመጣው ሽጉጡን ከጣለ በኋላ ነው። እዚያም ላይ የመርች እጅ አለበት።

የእኛም ፊልም ሠሪዎች ሙዚቃውን ከመጫናቸው በፊት ዓይናቸውን ጨፍነው አንድ ጊዜ ያዳምጡት። እነዚያ ባልና ሚስት ምን እንደተባባሉ እስካሁን ማወቅ እፈልጋለሁ።