አሮጌው የዘመን መለወጫ በአፐንዜል ተራሮች

በስዊስ አገር፣ ከፍታው 2502 ሜትር በሆነው በሴንቲስ ተራራ አጠገብ፣ ኡርኔሽ የምትባል መንደር አለች። ጃንዋሪ 13 ቀን፣ ሌላው አውሮፓዊ አዲሱን ዓመት ተቀብሎ ወደ ሥራው ከተመለሰ በኋላ፣ በዚያ ገና ጎሕ ሳይቀድ በበረዶው መካከል የደወል ድምፅ ይሰማል።

ደወሉን በደረታቸውና በጀርባቸው ተሸክመው የሚመጡት ጭምብል ያጠለቁ የመንደሩ ወንዶች ናቸው። አንዳንዶቹ የገበሬ ኑሮ የተቀረጸበት ታላቅ የራስ ጌጥ ይደፋሉ፤ ሌሎቹ ጭድና ቁርበት፣ ወይም የጥድ ቅርንጫፍና የዛፍ ሽበት ይለብሳሉ። ስድስት ያህል ሆነው ከደጃፍ ሲደርሱ፣ ቃል የሌለውን ጾየርሊ የተባለ ዜማቸውን ቀስ ብለው ያዜማሉ። ቤተ ሰቡም ወጥቶ በጸጥታ ያዳምጣል። ከዚያም እጅ ለእጅ ተጨባብጠው መልካም ዘመን ይመኙለታል፤ እርሱም የሚጠጣ ያቀርብላቸዋል። ዕለቱ እሑድ ቢውል ወደ ቅዳሜ ያመጡታል።

ይህንኑ በዲሴምበር 31 ቀንም ያደርጉታል። ስለ ምን ሁለት ጊዜ ሆነ? በ1582 ዓ.ም. በአውሮፓ አቆጣጠር የሮማው ፓፓ ጎርጎርዮስ 13ኛ የቀን መቁጠሪያውን አርሞ 10 ቀን አስዘለለ። አፐንዜል በ1597 ዓ.ም. በሃይማኖት ምክንያት ለሁለት ስትከፈል፣ ኡርኔሽ ያለችበት የፕሮቴስታንቱ ወገን የፓፓውን ቁጥር አልቀበልም ብሎ ቆየ። በ1798 ዓ.ም. ግን አዲስ የተቋቋመው መንግሥት በግድ አስቀበለው። ሕዝቡ በአደባባይ አዲሱን ቁጥር ያዘ፤ አሮጌውን ዋዜማ ግን በየደጃፉ አላስቀረም። ከዚያ አስቀድሞ በ1663 ዓ.ም. የገዛ ቤተ ክህነታቸው ስለ ጫጫታው ነቅፏቸው ነበር፤ በዚያም አልተውትም።

ለእኛ ነገሩ እንግዳ አይደለም። ዕለቱ በእኛ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ጥር 5 ይሆናል፤ በማግስቱም ቤተ ክርስቲያናችን በዓለ ግዝረትን ታከብራለች። የእነርሱ አሮጌ ቁጥርና የእኛ ቁጥር በየአራት ዓመቱ አንድ ቀን ሳያጓድሉ ስለሚጨምሩ አብረው ይሄዳሉ።

በአውሮፓ የሚኖሩ ወገኖቻችንም ልደትን የሚያከብሩት ጎረቤቶቻቸው በዓላቸውን ከፈጸሙ በኋላ ነው። ልጆቻቸው «የእኛስ ስለ ምን ዘገየ?» ብለው ሲጠይቁ፣ የቁጥሩን ምክንያት ማስረዳት ተገቢ ነው። ነገር ግን ኡርኔሽ የምታስተምረን ሌላም አለ። በዚያች መንደር በዓሉ የቆየው፣ ለሥራ በሚቸኩሉበት ማለዳ እንኳ እንግዳውን ቆሞ የሚሰማና እጁን የሚጨብጥ ቤተ ሰብ ስላልጠፋ ነው። ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ በዚያ ቀን ማዕዳችሁን አሰናዱ፤ ጎረቤታችሁንም ጥሩ፤ ልጆቻችሁም በሩን ይክፈቱለት።