ከቡና ማጠቢያ ጕድጓድ አጠገብ ስለ መኖር

በከፋ ምድር ፋብሪካ ጥቂት ስለ ሆነ፣ የፋብሪካ ጥራጊ በሰው ጤና ላይ የሚያደርሰው ጉዳት የሩቅ አገር ወሬ መስሎ የሚታያቸው ብዙዎች ናቸው። ደናችን ለምለም፣ አየራችን ነፋሻ፣ ምንጫችን ቀዝቃዛ ነውና ይህ አያስደንቅም። ነገር ግን በጊምቦ፣ በዴቻ፣ በጨናና በገዋታ ወንዝ ተከትሎ የቆመው የእሸት ቡና መፈልፈያና ማጠቢያ ሁሉ ፋብሪካ ነው፤ ጥራጊም አለው፤ ያ ጥራጊ የሚጣልበት ጕድጓድ ከሰው መኖሪያ ብዙ የማይርቅበት ስፍራም አለ። በዚህ ወር ጽሑፋችን ስለዚሁ ጕድጓድ እናስረዳለን።

አንድ ኩንታል ቀይ እሸት ቡና በተፈለፈለ ጊዜ 40 ኪሎ ያህሉ እርጥብ ልጣጭ ሆኖ ይቀራል፤ ለገበያ የሚደርሰው የደረቀ ፍሬ ግን 20 ኪሎ እንኳ አይሞላም። በፍሬው ላይ የተለጠፈውን ሙጫ ለማስለቀቅ ደግሞ ቡናው በገንዳ ውስጥ ተዘፍዝፎ ይታጠባል። የቀድሞው ዓይነት ማጠቢያ ለአንድ ኪሎ ንጹሕ ቡና እስከ 40 ሊትር ውኃ ሲፈጅ፣ አዳዲሶቹ መሣሪያዎች ከዚህ እጅግ ባነሰ ውኃ ይሠራሉ። አንድ ጣቢያ በአንድ የለቀማ ወራት የሚያወጣው ልጣጭና ፍሳሽ ምን ያህል እንደሚሆን የሒሳብ መምህራን ከተማሪዎቻቸው ጋር ቢያሰሉት፣ ውጤቱ ራሳቸውንም ሳያስገርማቸው አይቀርም።

«ቡና በየቀኑ የምንጠጣው ነገር አይደለምን? ልጣጩ እንዴት ይጎዳናል?» የሚል ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይቀርብልናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ልጣጩና ሙጫው ስኳር የበዛበት ነው። ወንዝ ውስጥ በገባ ጊዜ ረቂቃን ተሐዋስያን ስኳሩን እየተመገቡ ይባዛሉ፤ ሲባዙም በውኃው ውስጥ ያለውን ኦክሲጅን ይጨርሱታል። ዓሣው ታፍኖ ይሞታል። ኦክሲጅኑ ካለቀ በኋላ ያለ አየር የሚኖሩ ሌሎች ተሐዋስያን ይተካሉ፤ እነዚህም እንደ ተበላሸ እንቍላል የሚከረፋውን ጋዝ ያወጣሉ። ውኃውም ይጠቍራል፣ እንደ ሆምጣጤም ይኮመጥጣል። ይህን ሁሉ የሚያከፋው የጊዜው መገጣጠም ነው፤ ቡና በብዛት የሚለቀመውና የሚታጠበው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ፣ ማለት ዝናቡ ቀንሶ ወንዙ በሚጎድልበት ወራት ስለ ሆነ፣ ፍሳሹን የሚያቀጥነው ውኃ አይኖርም። ከየጅረቱ የሚወርደው ወደ ጎጀብ፣ ጎጀብም ወደ ኦሞ ይገባል፤ ነገር ግን ጉዳቱ የሚበረታው ከማጠቢያው ሥር ባለው ትንሽ ጅረት ላይ ነው። እንስራዋን የምትሞላው ልጅም የምትወርደው ወደዚያው ጅረት ነው።

በጎረቤታችን በጅማ አካባቢ ስለዚሁ ጉዳይ የተደረገ ጥናት በአውሮፓ አቆጣጠር በ2008 ዓ.ም. ታትሞ ነበር። በማጠቢያዎች አቅራቢያ የሚኖሩና ውኃውን የሚጠቀሙ ሰዎች የራስ መዞር፣ የዓይንና የቆዳ መቆጥቆጥ፣ የሆድ ሕመም፣ ማቅለሽለሽና የመተንፈስ ችግር እንደሚሰማቸው ተናግረዋል። እኛም በለቀማ ወራት ወደ ገጠር ስንወጣ የምንሰማው ቃል ይኸው ነው። ውኃ ማፍላት እጅግ የተመሰገነ ልማድ ቢሆንም፣ ማፍላት ተሐዋስያንን ይገድላል እንጂ በውኃው የሟሟውን ነገር አያወጣም። ስለዚህ ጠቍሮ የሚሸት ውኃ ቢፈላም አይጠጣ፤ ሕፃንም አይታጠብበት።

እውነቱን ለመናገር፣ የቡና ልጣጭ ብቻውን ከሆነ የአዲስ አበባ ቆዳ ፋብሪካዎች ከሚጠቀሙበት ክሮም ጋር የሚወዳደር መርዝ አይደለም፤ ሕዝቡንም ያለ ልክ ማስፈራራት አንወድም። ይበልጥ የሚያሳስበን ከልጣጩ ጋር ወደዚያው ጕድጓድ የሚወረወረው የፀረ ተባይና የፀረ አረም መድኃኒት ዕቃ ነው። ከዚህም የባሰ አለ፤ ሳይጣል ቀርቶ በገበያ ቀን የሚሸጠው። መድኃኒት የነበረበት ጀሪካን በአመድም በሳሙናም ቢታጠብ፣ ፕላስቲኩ የመጠጠውን መርዝ ሙሉ በሙሉ አይለቅም። ማርና ቅቤ የከፋ ሀብት ናቸው፤ በዚህ ዕቃ ግን ሊቀመጡ አይገባም፤ ይልቁንም ቅቤ መርዙን ወደ ራሱ ይስባል። እንደ ማላታይን ባለ መድኃኒት የተመረዘ ሰው ምራቁ ይዝረበረባል፣ ያልበዋል፣ ያስመልሰዋል፣ የዓይኑ ብሌን እንደ መርፌ ጫፍ ይጠባል። በዚህ ጊዜ ወተት መጋትም ሆነ በግድ ማስመለስ ትክክል አይደለም። ልብሱን አውልቆ ገላውን በሳሙና ማጠብ፣ በጎኑ አስተኝቶ ፈጥኖ ወደ ጤና ጣቢያ ማድረስ፣ የመድኃኒቱንም ዕቃ ይዞ ለሐኪሙ ማሳየት ያስፈልጋል።

የተሞላ ጕድጓድ አፈር ለብሶ ሣር ሲያበቅል ነገሩ ያለቀ ይመስላል። በውጭ አገር በትምህርት ላይ ሳለን የላቭ ካናልን ታሪክ ተምረን ነበር። በአሜሪካ፣ በናያግራ ፎልስ ከተማ፣ አንድ የኬሚካል ፋብሪካ 21,000 ቶን ያህል ጥራጊ በአንድ አሮጌ ቦይ ቀብሮ በ1953 እ.ኤ.አ. መሬቱን በአንድ ዶላር ለከተማው የትምህርት ቦርድ ሸጠ። በላዩም ትምህርት ቤት ተሠራበት፤ በዙሪያው ሰው ሰፈረ። በ1978 እ.ኤ.አ. መርዙ በየቤቱ ምድር ቤት ሰርጎ ስለ ተገኘ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፣ ብዙ ቤተ ሰብም ከቤቱ ተነሣ። በአገራችንም መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የቆሼ የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞተዋል።

ስለዚህ ለትምህርት ቤት ወይም ለመኖሪያ የሚሆን ቦታ ሲመረጥ፣ ቀድሞ ምን እንደ ተጣለበት የአካባቢውን ሽማግሌዎች መጠየቅ ይገባል። አዲስ የልጣጭ ጕድጓድም ከምንጭና ከወንዝ ርቆ፣ ታቹ በሸክላ አፈር ተደልድሎ፣ የዝናብ ውኃ እንዳይገባበት ዙሪያው ቦይ ተቈፍሮለት ይሠራ። ፍሳሹ ቬቲቨር ሣር በተተከለበት መሬት ውስጥ ቢያልፍ ይሻላል። ልጣጩ ከእበትና ከአመድ ጋር ተደባልቆ በየጊዜው ቢገላበጥ ከጥቂት ወራት በኋላ ጥቍር ፍግ ይሆናል፤ ለእንሰትም ለቡናም ይስማማል። ባለ ማጠቢያዎች ይህን እንደ ችሮታ እንዳያዩት እናሳስባለን፤ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 የበከለው ሰው እንዲያጸዳ ያስገድዳልና።

በወንዝ አጠገብ ላሉ መምህራን አንድ ልመና አለን። ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ በየሳምንቱ ከተማሪዎቻችሁ ጋር ወደ ጅረቱ ወርዳችሁ፣ ከማጠቢያው በላይና በታች ያለውን ውኃ በሁለት ነጭ ጠርሙስ ቀድታችሁ አስተያዩ። መልኩ ወይም ሽታው የተለወጠበትን ቀን በደብተር ጻፉ፤ ጽሑፉንም ለወረዳችሁ ጤና ጽሕፈት ቤት ላኩ። ልጆቹ ውኃውን እንዳይነኩ፣ እናንተም ከቀዳችሁ በኋላ እጃችሁን በሳሙና እንድትታጠቡ አደራ።