ስለ ትምህርት ቤት ክፍሎች ጽዳትና አየር

በትምህርት ቤት የበረኪና ሽታ ሲሸተን «እንዴት ጸድቷል» እንላለን። ሽታው ግን የመድኃኒቱ ነው እንጂ የንጽሕና ምልክት አይደለም፤ አስም ያለበትን ልጅ ደረቱን ያስጨንቀዋል። ይልቁንም በረኪና ከአቼቶ ወይም እድፍ ከሚያስለቅቅ አሲድ ጋራ ሲደባለቅ መርዛም ጋዝ ያወጣል፤ ይህንንም አስቀድመው የሚተነፍሱት ክፍሉን የሚያጸዱት እናቶች ናቸው።

በአሜሪካ የኒውዮርክ ግዛት፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2005፣ ትምህርት ቤቶች ጉዳታቸው ባነሰ ማጽጃዎች እንዲገለገሉ በሕግ ደንግጓል። እኛ ግን ሕግ መጠበቅ አያሻንም፤ አያቶቻችን አቧራ እንዳይነሣ ውኃ ረጭተው ይጠርጉ ነበርና። ለወለሉና ለዴስኩ ሳሙናና ውኃ ይበቃል፤ በረኪናው ለመጸዳጃ ቤት ይሁን፤ እርሱም በውኃ ቀጥኖ፣ ልጆቹ ከሄዱ በኋላ፣ መስኮቱ ተከፍቶ። ይህንን በሚመጣው የወላጆች ስብሰባ ለርእሰ መምህሩ እንድታቀርቡልን እንለምናለን።