የጥናቱን ቁጥር ፖስት ማድረግ ይቻላል፤ ቻርቱንስ?

የሕዝብ አስተያየት ጥናት ወጣ እንበል። ቻርቱን ስክሪንሹት አድርጋችሁ ፔጃችሁ ላይ ለጠፋችሁት፤ ከሥሩ የተቋሙን ስም ጻፋችሁ። አለቀ? አላለቀም። ቁጥሩና ቻርቱ በሕግ ፊት አንድ አይደሉም።

👉 ቁጥሩ፦ "ከ100 ሰው 60ው ደግፏል" የሚል ውጤት የማንም ንብረት አይደለም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ አንቀጽ 5 ተራ መረጃን ከጥበቃ ውጭ አድርጎታል። በራሳችሁ ቃል ጻፉት፤ የራሳችሁን ቻርት ሥሩ።

👉 ሪፖርቱ፦ ጽሑፉ፣ ትንታኔውና ዲዛይኑ ግን ባለቤት አላቸው። ከሪፖርቱ መጥቀስ ይፈቀዳል፤ የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ፣ ከነምንጩና ከነጸሐፊው ስም። ሙሉውን ፒዲኤፍ ቴሌግራም ላይ መጫን ጥቅስ አይባልም።

"ፌር ዩዝ ነው" ብሎ መጻፍስ? ፌር ዩዝ የአሜሪካ ሕግ ነው፤ እዚያም ቢሆን የሚወስነው ፍርድ ቤት እንጂ ለጣፊው አይደለም። ፌስቡክና ዩቲዩብ ባለመብቱ ካመለከተ ፖስቱን ሊያወርዱት ይችላሉ፤ ከተደጋገመ ፔጁም ይሄዳል።

ቁጥሩ ነጻ ነው ማለት ደግሞ እንደፈለጉ መቁረጥ ማለት አይደለም። አፍሮባሮሜትር በአንድ አገር አብዛኛውን ጊዜ 1,200 ወይም 2,400 ሰው ነው የሚጠይቀው። ስለዚህ ስንት ሰው፣ መቼ፣ ምን ተብሎ እንደተጠየቀ አብራችሁ ጻፉ። ይሄን አዋጁ አያስገድዳችሁም፤ ግን ያለዚህ "ሕዝቡ እንዲህ አለ" ማለት ወሬ ነው።