የቤታችን የሙዚቃ መሣሪያ ድምፁ ከምንጩ እንዲጠራ

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይላል የአገራችን ሰው። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው ጉዳይም ከዚሁ አባባል ጋር የሚዛመድ ነው። ሙዚቃ ወዳድ የሆነ ሰው የቤቱን መሣሪያ ለማሻሻል በተነሣ ጊዜ አስቀድሞ የሚያስበው ስለ እስፒከሩ ትልቅነት፣ ስለ አምፕሊፋየሩ ዋት ወይም ስለ ሸክላ ማጫወቻው መርፌ ነው። ለእነዚህ ሁሉ ኃይል የሚያድለው ክፍል ግን በሣጥኑ ውስጥ ተደብቆ የሚኖር ስለሆነ የሚያስታውሰው ሰው ጥቂት ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ስለዚሁ ክፍል በወሬ የሰሙ ሰዎች ሻጭ የነገራቸውን ሁሉ አምነው ለአንድ የኤሌክትሪክ ገመድ የወር ገቢያቸውን ሲከፍሉ ይታያል። ስለዚህ ለቤተሰቡ በእርግጥ የሚጠቅመው ማሻሻያ የትኛው እንደሆነ፣ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የሚያሰኘውም የትኛው እንደሆነ እያነጻጸርን እንመለከታለን።

የኃይል ክፍል ሥራው ምንድን ነው?

ወደ ቤታችን የሚገባው ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ሲሆን፣ በአንድ ሴኮንድ ውስጥ 50 ጊዜ ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል። አምፕሊፋየር ግን የሚሠራው እንደ ባትሪ ጸጥ ባለና አቅጣጫውን በማይለውጥ ኤሌክትሪክ ነው። ይህን የመለወጥ ሥራ የሚፈጽመው ባለሙያዎች ፓወር ሰፕላይ የሚሉት የኃይል ክፍል ነው። በመጀመሪያ ትራንስፎርመሩ ቮልቱን ለመሣሪያው በሚስማማ መጠን ይለውጠዋል። ቀጥሎ ዲዮዶች ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲሄድ ያደርጉታል። ከዚያም ካፓሲተሮች፣ በየጣራው ላይ እንደሚቀመጠው የውሃ ታንከር፣ የሚመጣው ቢያንስም ቢበዛም ለቤቱ እኩል እንዲወርድ ያጠራቅሙታል። በመጨረሻም፣ ካለ፣ ሬጉሌተር የተባለው ክፍል ቮልቱን በአንድ ልክ ያጸናዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ያስፈልጋል። ከእስፒከሩ የምንሰማው ድምፅ ጉልበቱን የሚያገኘው ከሸክላው አይደለም። ከሸክላው የሚመጣው ምልክት እንደ በረኛ በሩን ይከፍታል፣ ይዘጋል እንጂ፣ በሩን አልፎ እስፒከሩን የሚያንቀሳቅሰው በኃይል ክፍሉ የተጠራቀመው ኤሌክትሪክ ነው። ስለዚህ በዚህ ክፍል ያለ ጉድለት ከሙዚቃው ጋር አብሮ ሊሰማ ይችላል።

ጉድለቱን በጆሮ መለየት

ገንዘብ ከማውጣት በፊት መመርመር ይገባል። ሙዚቃው ሳይጫወት መሣሪያውን ከፍታችሁ የድምፁን መጠን እስከ መጨረሻው ዝቅ አድርጉት። «እምም» የሚለው ድምፅ ሳይቀንስ ከቀረ ጉድለቱ ብዙውን ጊዜ በአምፕሊፋየሩ የመጨረሻ ክፍል ወይም በኃይል ክፍሉ ነው። ከመጠኑ ጋር አብሮ ከፍና ዝቅ ካለ ግን ከዚያ በፊት ከሚገኘው መሣሪያ ወይም ከማገናኛ ሽቦው ይመጣል። እንዲሁም ወፍራምና ለስላሳ የሆነው ድምፅ በሴኮንድ 50 ጊዜ የሚርገበገብ ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ ከትራንስፎርመር መቀራረብ ወይም ከመሬት ሽቦ አያያዝ የተነሣ ነው። እንደ ንብ የሚያወዛው ደግሞ በሴኮንድ 100 ጊዜ ስለሚርገበገብ ያረጀ ካፓሲተርን ያመለክታል።

ሌላው ፈተና የእንጀራ ቀን ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ሺህ ዋት በላይ ስለሚስብ፣ የቤቱ ሽቦ የቀጠነ እንደሆነ ቮልቱ ወዲያው ይወርዳል። ምጣዱ በበራ ጊዜ ብቻ መሣሪያው የሚያጉረመርም ከሆነ ሬጉሌተሩ የሚበቃውን ቮልት አላገኘም ማለት ነው። እንዲህ ባለው ቤት አዲስ አምፕሊፋየር ከመግዛት ይልቅ ምጣዱን በራሱ መስመር ማስዘርጋት ይሻላል፤ ለሙዚቃው ብቻ ሳይሆን ቤቱን ከቃጠሎ ለመጠበቅም ይረዳልና።

ማሻሻያዎቹ ሲነጻጸሩ

አንደኛ፤ ማደስ። ካፓሲተሮች በውስጣቸው ያለው ፈሳሽ እየደረቀ ስለሚሄድ ያረጃሉ። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ከፍ ባለ ቁጥር ዕድሜያቸው በግማሽ ያህል እንደሚያጥር በሙያው የታወቀ ነው። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. የተሠራ መሣሪያ ከአባት ለልጅ በተላለፈበት ቤት፣ ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው በባለሙያ እጅ ካፓሲተሮቹን ማስለወጥ ነው። ወጪው ከሌሎቹ ሁሉ ያነሰ ሲሆን ለውጡም በግልጽ ይሰማል። ነገር ግን «ትልቅ ከሆነ የተሻለ ነው» ብሎ እጅግ የገዘፈ ካፓሲተር ማስገባት አይገባም፤ መሣሪያው በተከፈተ ቁጥር ዲዮዶቹንና ፊውዙን ያስጨንቃልና።

ሁለተኛ፤ ስታቢላይዘር። ቮልቱ ከ220 ወደ 180 ሲወርድ፣ ሬጉሌተር በሌለው አምፕሊፋየር ከፍተኛው ጉልበት ወደ ሁለት ሦስተኛ ይቀንሳል፤ 60 ዋት የነበረው 40 ያህል ይሆናል። ይህ ብዙ ቢመስልም በመጠነኛ ድምፅ ለሚያዳምጥ ቤተሰብ የሚሰማ ልዩነት አያመጣም። የስታቢላይዘር ዋና ጥቅሙ ሌላ ነው፤ ከፍ ካለ ቮልት መሣሪያውን ከመቃጠል ያድናል። በሪሌ የሚሠራው ርካሽ ሲሆን ቮልቱን በደረጃ እየዘለለ ይለውጣል፤ በሞተር የሚሠራው ውድ ሆኖ ቀስ እያለ ያስተካክላል። መብራት ሲጠፋ ኃይል የሚሰጡት ርካሽ የባትሪ ሣጥኖች ግን የተቆራረጠ ኤሌክትሪክ ስለሚሰጡ ትራንስፎርመሩን ያስጮኹታል። ለሙዚቃ የሚመረጠው ለስላሳ ማዕበል የሚያወጣው ዓይነት ነው።

ሦስተኛ፤ የተለየ የኃይል ሣጥን። እ.ኤ.አ. በ1973 በእንግሊዝ አገር በሳልዝበሪ የተቋቋመው የኔይም ፋብሪካ በዚህ ዘዴ ይታወቃል። ገዢው በመጀመሪያ አምፕሊፋየሩን ይገዛል፤ ገንዘብ ሲያገኝም ለብቻው የተሠራውን የኃይል ሣጥን ይጨምራል። የዚህ አሠራር ምክንያቱ ግልጽ ነው። ከሸክላ መርፌ የሚመጣው ምልክት 5 ሚሊቮልት ያህል፣ በአንዳንዶቹም ከግማሽ ሚሊቮልት ያነሰ ስለሆነ፣ አንድ መቶ ወይም አንድ ሺህ ጊዜ ያህል መጉላት አለበት። በዚህ ደረጃ የገባ ጥቂት ጉርምርምታም አብሮ ይጎላል። ስለሆነም ንጹሕ ኃይል ከሁሉ ይበልጥ የሚያስፈልገው ምልክቱ ትንሽ በሆነበት ቦታ ነው። በኢንተርኔት ሙዚቃ ለሚያጫውቱ የዛሬ መሣሪያዎች ግን፣ ከሶኬት ላይ የሚሰካውን ትንሽ ኃይል ሰጪ መለወጥ የሚያመጣው ጥቅም፣ መሣሪያው በደንብ ከተሠራ፣ እጅግ ትንሽ ነው።

አራተኛ፤ ለሸክላ ማጫወቻው ሞተር። በ1970ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በስኮትላንድ በግላስጎው መሠራት የጀመረው ሊን ሶንዴክ ኤልፒ 12 ሞተሩ የከተማውን ኤሌክትሪክ ምልልስ ተከትሎ ይዞር ነበር። በ1980ዎቹ ቫልሃላ፣ በ1990 ሊንጎ የተባሉት የኃይል ክፍሎች ሲወጡለት፣ ሞተሩ ከከተማው መስመር ተለይቶ የራሱን የተስተካከለ ምልልስ ሊያገኝ ቻለ።

ይህ ነገር በተለይ ከአሜሪካ ዕቃ ለሚመጣላቸው ቤተሰቦች ጠቃሚ ነው። የአሜሪካ ኤሌክትሪክ 120 ቮልት፣ ምልልሱም 60 ነው። ቮልት መቀነሻ ትራንስፎርመር ቮልቱን እንጂ ምልልሱን አይለውጥም። ስለዚህ ለ60 የተሠራ እንዲህ ያለ ማጫወቻ በእኛ አገር ሲሠራ በደቂቃ 33⅓ መዞር የሚገባው ሸክላ 27.8 ያህል ብቻ ይዞራል፤ 45 የነበረውም 37.5 ይሆናል። አምሐ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 ባቋቋመው አምሐ ሪከርድስ ከታተሙት ባለ 45 ሸክላዎች አንዱን በዚህ ያጫወተ ሰው የዘፋኙ ድምፅ ወፍሮና ቅኝቱ ወርዶ ይሰማዋል። ችግሩን ለማረም ሰፋ ያለ ፑሊ ወይም የራሱን 60 ምልልስ የሚያመነጭ የኃይል ክፍል ያስፈልጋል። በቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ሞተር የሚዞሩት ግን ከዚህ ችግር ነፃ ናቸው። ፍጥነቱን ለመፈተን 180 ጥቁር መስመሮች የተሣሉበት ክብ ወረቀት በሸክላው ላይ አኑራችሁ በኒዮን መብራት ተመልከቱ። መስመሮቹ የቆሙ ከመሰሉ 33⅓ው ትክክል ነው።

አምስተኛ፤ ውድ የኤሌክትሪክ ገመድ። ኤሌክትሪኩ ብዙ ኪሎ ሜትር በተራ ሽቦ ተጉዞ ከደረሰ በኋላ የመጨረሻዋ አንድ ሜትር በወርቅ ብትለበጥ የተለወጠ ነገር አይኖርም። ውፍረቱ የሚበቃና ሶኬቱ ላይ በደንብ የሚጠብቅ ገመድ ሁሉ ይበቃል።

በቤት ውስጥ የሚደረግ ሚዛናዊ ፈተና

ማንኛውም ማሻሻያ ሲገዛ፣ ዓይን ውድ ዕቃ ካየ ጆሮ ልዩነት መስማቱ የተለመደ ነው። ስለዚህ አንዱ አድማጭ ጀርባውን አዙሮ ይቀመጥ፤ ሌላው አሮጌውን ወይም አዲሱን ሳይነግረው እየቀያየረ 10 ጊዜ ያሰማው። የድምፁ መጠን ግን በሁለቱም እኩል ይሁን። በግምት ብቻ 5 ጊዜ ያህል ማግኘት ይቻላል፤ 9 ወይም 10 ካገኘ ግን ልዩነቱ እውነት ነው ለማለት ያስደፍራል። ልጆች ቆጣሪና መዝጋቢ ቢሆኑ ደስ ይላቸዋል፤ የምርመራንም ጥበብ ይማሩበታል።

ሳይጠነቀቁ መንካት ይጎዳል

ጉርምርምታውን ለማጥፋት ብለው የመሬት ሽቦውን የሚቆርጡ ሰዎች አሉ። ድምፁ ቢጠፋም፣ አንድ ቀን ሽቦ ተላልጦ የመሣሪያውን ብረት ቢነካ፣ ብረቱን የያዘው ልጅ ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። እንዲሁም ካፓሲተሮች ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላም ኃይል ይዘው ይቆያሉ። በቫልቭ የሚሠሩ አምፕሊፋየሮች ደግሞ በውስጣቸው 300 ቮልትና ከዚያ በላይ አላቸው። ስለዚህ ሣጥኑን መክፈት የሠለጠነ ባለሙያ ሥራ መሆኑን ማንም ሊዘነጋ አይገባም።

እንግዲህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፤ በመጀመሪያ የቤቱን ሽቦና የመሬት መስመር ማስመርመር፤ ቀጥሎ ያረጀውን ማሳደስ፤ ቮልቱ በሚዋዥቅበት ሰፈር ስታቢላይዘር ማስገባት፤ ከዚያ በኋላ ገንዘብ ከተረፈ ለሸክላ ማጫወቻው ሞተርና ለመጀመሪያው ማጉያ ክፍል የተሻለ ኃይል መስጠት። ከዚህም የተረፈ ቢኖር ለገመድ ነጋዴ ከመስጠት ይልቅ አንድ ጥሩ ሸክላ ገዝቶ ቤተሰቡን ሰብስቦ ማዳመጥ ይሻላል እንላለን።