እብጠት ውፍረት አይደለም፤ በምግብ እጥረት በተጎዳ ሕፃን አካል ውስጥ ስለሚጠራቀም ውሃ



ይህን ርእስ ስመርጥ በዐይነ ኅሊናዬ የነበረችው ንፋስ መውጫ ናት። ከደብረ ታቦር ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ይህች የደጋ ከተማ የላይ ጋይንት መቀመጫ ናት። ጋይንትና ስማዳ በሴፍቲኔት መርሐ ግብር ለዓመታት ከታቀፉት አካባቢዎች መካከል ናቸው። ዝናብ ተዛብቶ ጎተራ ሲራቆት፣ በዚያ ክረምቱ ይከብዳል።

በእንዲህ ያለ ጊዜ ጉንጩ የሞላ፣ እግሩም የወፈረ ሕፃን ያየ ሰው «ተመስገን፣ ይህስ ልጅ ጠግቧል» ሊል ይችላል። ስሕተቱ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

በጤናማ አካል ውስጥ ውሃ በደም ሥርና በሥጋ መካከል በሚዛን ይመላለሳል። ሚዛኑን ከሚጠብቁት አንዱ ጉበት የሚሠራው አልቡሚን የተባለ ፕሮቲን ነው። ምግብ ሲጓደል አልቡሚን ያንሳል፤ ይሁንና ምክንያቱ ይህ ብቻ አይደለም። የአካል ሕዋሳት ኀይላቸው ሲደክም ፖታስየም ይወጣል፣ የጨው ንጥረ ነገር የሆነው ሶዲየም ይከማቻል፤ ውሃም ይከተለዋል። ሲሲሊ ዊልያምስ የተባለችው ሐኪም በ1933 እ.ኤ.አ. በዛሬዋ ጋና ያየችውን ይህን ሕመም ገለጸች፤ ቆይታም በጋ ሕዝብ ቋንቋ «ክዋሺዮርኮር» ብላ ጠራችው። ቃሉ ታናሽ ሲወለድ ከጡት የተለየውን ልጅ የሚይዝ በሽታ ማለት ነው።

ምርመራው ቀላል ነው። የሁለቱንም እግሮች ጀርባ በአውራ ጣት ለ3 ሰከንድ ያህል ተጭነን ስንለቅ ጉድጓድ ከቀረ፣ ልጁ ለከባድ የምግብ እጥረት የተጋለጠ ነውና ሳይዘገይ ለጤና ባለሙያ ይታይ። የክንዱ ዙሪያ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በላይ መሆኑ ሊያዘናጋን አይገባም።

እብጠቱ በምን ይቀንሳል? አዋቂ ሰው ልቡ ታምሞ እግሩ ሲያብጥ፣ ሐኪም ጨው እንዲቀንስ ይመክረዋል፤ ሽንት የሚያበዛ መድኃኒትም ያዝለታል። ይህ መድኃኒት ግን በረኀብ ላበጠ ሕፃን አይሰጥም፤ ያለቀውን ፖታስየም ይበልጥ አሟጥጦ ለሞት ሊያደርሰው ይችላልና። ለዚህ ልጅ ውሃውን የሚያወጣለት በልክ የሚሰጠው ምግብ ነው። እብጠቱ መላ አካሉን ካዳረሰ ወይም የምግብ ፍላጎቱ ከጠፋ ተኝቶ ይታከማል፤ ኤፍ 75 በተባለው ወተት በጥቂት በጥቂቱ ይጀመርለታል። እብጠቱ ቀላል ሆኖ የምግብ ፍላጎት ያለው ልጅ ግን ፕላምፒ ነትን የመሰለ አልሚ ምግብ ይዞ በቤቱ ሊታከም ይችላል።

በተለማማጅ ሐኪምነቴ ዘመን አንዲት እናት በሦስተኛው ቀን ልጇን አዝላ ልትወጣ ስትል አገኘኋት። «ይዤው ስመጣ ሙሉ ነበር፤ እናንተ ዘንድ ከሳብኝ» አለችኝ። ሚዛኑም ክብደቱ መቀነሱን ያሳይ ነበር። እርሷ አልተሳሳተችም፤ ያላወቅንላት እኛ ነበርን። የቀነሰው ውሃው ነበር፤ ይህም የመዳኑ ምልክት ነው። ክብደቱ እንደገና የሚጨምረው ውሃው ካለቀ በኋላ ነው። ይህን በመጀመሪያው ቀን ነግረናት ቢሆን ኖሮ ነጠላዋን አታደገድግም ነበር።

ስለዚህ ነገ ወደ ጋይንት፣ ወደ ስማዳና ወደ እስቴ ለምትሠማሩ ተማሪዎቼ የማሳስበው አንድ ነገር ነው፤ ሕፃኑን ከመመዘናችሁ በፊት እግሩን ተጫኑ፤ ከመዘናችሁትም በኋላ ለእናቲቱ «መጀመሪያ ይከሳል፣ አትደንግጪ» በሏት።